ከአዳማ ወደ ቆላ ለሚመላለስ መኪና የሞተር ማቀዝቀዣን ማሻሻል፦ የትኛው ምርጫ ለየትኛው ችግር?

ከአዳማ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚወስደው መንገድ ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ የሚወርድ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት መተሐራ ላይ የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። ሲወርዱ ሞተሩ እምብዛም አይለፋም። ፈተናው የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ፣ ወይም ሚኒባሱን በተሳፋሪ ሞልቶ፣ በዚያው ሙቀት ወደ ላይ ሲመለሱ ነው፤ ጉዞው እስከ አዲስ አበባ ከቀጠለ ደግሞ ከአዳማ በኋላ ሌላ 700 ሜትር ያህል መውጣት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን መኪና ሞተሩን ሳያቃጥሉ ለረጅም ዓመታት ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ «ትልቅ ራዲያተር ልግጠም፣ ፋን ልጨምር፣ ወይስ ቴርሞስታቱን ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን እነዚህ ምርጫዎች አንዱ የሌላውን ቦታ የሚተኩ አለመሆናቸው ነው፤ እያንዳንዱ የሚፈታው የተለየ ችግር አለ፤ ላልተፈጠረለት ችግር የተገዛ ዕቃ ደግሞ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሞተሩን አያድንም።

ሙቀቱ የሚነሣው መቼ ነው?

መኪናው በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ፣ ወይም ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሙቀቱ እየጨመረ፣ መንገዱ ተለቆለት ፍጥነት ሲያገኝ ግን የሚወርድ ከሆነ፣ የጎደለው አየር ነው። የሚጠረጠሩትም ፋኑ፣ የፋኑ ክላች፣ የፋኑ ሽፋን ወይም በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀው አቧራ ናቸው። በተቃራኒው በከተማ ውስጥ ምንም የማይሆን መኪና በዳገት ላይ፣ ወይም በፈጣን መንገዱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ፣ ፋን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምክንያቱም መኪናው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ራሱ ለራዲያተሩ የሚበቃ አየር ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት በውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ በሙሉ የማይከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ)፣ ወይም ሞተሩ በኃይል ሲሠራ በመምጠጥ ብዛት የሚጨማደድ የታችኛው የራዲያተር ጎማ ናቸው። የተጫነ መኪና ዳገት በዝግታ ሲወጣ ሁለቱም ችግሮች በአንድነት ሊታዩ ይችላሉ። በተለይ ነፋሱ ከኋላ ሲከተል ከፊት የሚገባው አየር ስለሚቀንስ፣ የነፋስ ተርባይን የተተከለባቸው ኮረብቶች ባሏት አዳማ አካባቢ ይህን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛም ሁኔታ አለ። ሞተሩ ተነሥቶ ገና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ሳይሞቅ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሊጨመቅ እስከማይችል ድረስ ከጠጠረ፣ ወይም ምንም ፍሳሽ ሳይታይ ውሃ በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ተቃጥሎ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህን በቃጠሎ ጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። እንዲህ ላለው ሞተር የሚመጥን የማቀዝቀዣ ማሻሻያ የለም፤ መፍትሔው ቴስታታውን አውርዶ መጠገን ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት መለኪያ

ብዙ ሰዎች ያልፉታል እንጂ፣ በእኔ እምነት የመጀመሪያው ማሻሻያ መለኪያ ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ቀስት ሹፌሩን እንዳያስጨንቅ ተብሎ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ እንዲቆይ የተሠራ ነው። ከመሐል ሲነሣ ነገሩ ቀድሞ ከርሯል። በርካታ የቪትዝና የያሪስ ሞዴሎች ደግሞ ጭራሽ ቀስት የላቸውም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲፈላ ቀይ መብራት ብቻ ያሳያሉ። ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካና ቁጥሩን በስልክ የሚያሳይ አነስተኛ መሣሪያ፣ ወይም ለአሮጌ ናፍጣ ሞተር በተናጠል የሚገጠም የሙቀት መለኪያ፣ ከራዲያተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ውሃው ከሞተሩ አምልጦ ካለቀ የሙቀቱ ሴንሰር በባዶ ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሲሞቅ የነበረ መኪና መለኪያው በድንገት ከወረደ ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።

ክዳኑና ውሃው

በአዳማ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ጤነኛ ሞተር ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ ያለ ግፊት በዚህ ከተማ ውስጥ መንዳት ማለት ዘወትር በመፍላት ጠርዝ ላይ መኖር ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያ ነጥቡን እዚሁ አዳማ ላይ ወደ 115 ዲግሪ፣ 1.1 ባር የሚይዘው ደግሞ ወደ 119 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና 20 ዲግሪ የሚያህል መጠባበቂያ አጥቷል ማለት ነው። ከሁሉም ዕቃዎች ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በኋላ የሚታሰበው እርሱ መሆኑ ያሳዝናል።

0.9 የተጻፈበትን ክዳን በ1.1 መተካት ይሻል እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ክዳን ሙቀትን አይቀንስም፤ መፍላትን ብቻ ያዘገያል። ጎማዎቹና የራዲያተሩ የፕላስቲክ ጫፎች ያረጁበት መኪና ላይ ከፍ ያለ ግፊት ማድረግ ፍሳሽን መጋበዝ በመሆኑ፣ በአምራቹ የታዘዘውን ቁጥር፣ ግን አዲስ የሆነውን፣ መምረጥ ይበልጣል።

በውሃና በኩላንት (ከውሃ ጋር በሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መካከል ያለው ምርጫ ብዙ ክርክር ይነሣበታል። «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ባለመኪናዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ንጹሕ ውሃ ሙቀትን ተሸክሞ በመሄድ ረገድ ከማንኛውም የኩላንት ቅልቅል ይበልጣል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት የሙቀት መያዝ አቅሙ ከውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ያው ቅልቅል የመፍያ ነጥቡን ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ከዚህም በላይ ብረቱን፣ አልሙኒየሙንና የውሃ ፓምፑን ከዝገት ይጠብቃል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በማዕድን የበለጸገ ስለሆነ፣ ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ እየተቀዳ የሚጨመር ውሃ በቴስታታው የውሃ መንገዶችና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል። በመሆኑም ለዚህ አካባቢ የምመርጠው ከ30 እስከ 50 በመቶ ኩላንት፣ ቀሪው ደግሞ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ የሆነበትን ቅልቅል ነው። በረዶ ስለሌለ ከ50 በመቶ በላይ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙን ብቻ ይቀንሳል። ኩላንቱ አስቀድሞ ተቀላቅሎ የተሸጠ ከሆነ ውሃ አይጨመርበትም፤ ስለዚህ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። ቀለም ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ ቀይና አረንጓዴ የቀለም ልዩነት እንጂ የዓይነትም የጥራትም ማረጋገጫ አይደሉም፤ ሁለት ዓይነት ኩላንት ማደባለቅም መከላከያ ንጥረ ነገሮቻቸውን ሊያዳክም ይችላል።

ፍሳሽን ለማቆም የሚጨመሩ ዱቄቶችንና ፈሳሾችን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል፦ ከወለንጪቲ እስከ አዳማ ለመድረስ ካልሆነ በቀር አይጠቀሙባቸው። የሚደፍኑት ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ቱቦውንም ነው።

ቴርሞስታቱን ማውጣት

ይህ ምርጫ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ገንዘብም ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ ምክንያቱም የተለመደው አስተሳሰብ፣ «መንገዱ ከተከፈተ ውሃው በነፃነት ይዞራል» የሚለው፣ በብዙ ሞተሮች ላይ እውነት አይደለም። በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከበታቹ ባለው ክብ ሳህን ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይዞራል፤ መኪናውም በጠዋት ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ በዳገት ላይ ከቀድሞው ይበልጥ ይሞቃል። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ ዘይቱም በሚገባ ስለማይሞቅ የሲሊንደሩ ግድግዳ ቶሎ ያልቃል።

ከ88 ዲግሪ ወደ 82 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት መቀየርስ? ይህ በተወሰነ ደረጃ ይጠቅማል፤ ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ከዝቅተኛ ሙቀት ስለሚነሣ ጥቂት ደቂቃዎች ያተርፋል። ራዲያተሩ ግን ሙቀቱን ማስወገድ ካልቻለ፣ አንዴ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ሁለቱም ቴርሞስታቶች አንድ ናቸው። ነባሩን በፈላ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ በሙሉ መከፈቱን ማየት፣ ካልተከፈተም በአምራቹ ቁጥር መሠረት አዲስ መግጠም ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። አዳማ ላይ ክፍት ውሃ ከ95 ዲግሪ በላይ ስለማይሞቅ፣ 88 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት በዚህ ሙከራ እስከ መጨረሻው ባይከፈት ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

ራዲያተር፦ መዳብ፣ አልሙኒየም ከፕላስቲክ ጋር፣ ወይስ ሙሉ አልሙኒየም?

የምርመራው ውጤት ወደ ራዲያተሩ ካመለከተ፣ ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ፤ ልዩነታቸው ደግሞ በብዙዎች ዘንድ ከሚታመነው የተለየ ነው። ከአሮጌ ላንድክሩዘሮችና ከጭነት መኪኖች ጋር የምናውቀው የመዳብ ራዲያተር «ሙቀት በማስተላለፍ የሚያክለው የለም» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ንጹሕ መዳብ ሙቀትን ከአልሙኒየም በ1.7 እጥፍ ገደማ የተሻለ ያስተላልፋል። ነገር ግን በዚህ ራዲያተር ውስጥ ከመዳብ የተሠሩት ክንፎቹ ናቸው፤ ውሃው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ከናስ የተሠሩ ናቸው፤ የናስ አቅም ደግሞ ከአልሙኒየም ግማሽ ያህል ነው። ክንፉን ከቱቦው ጋር የሚያያይዘው ስታኞ ከሁለቱም ያነሰ አስተላላፊ ነው። አልሙኒየሙ በአንጻሩ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ቱቦዎቹን ሰፋ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ በዚህም ምክንያት መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት አዲስ ራዲያተሮች በመንገድ ላይ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ።

ስለዚህ የመዳቡ እውነተኛ ብልጫ በጥገናው ላይ ነው። ቢቀደድ በማንኛውም ከተማ በስታኞ የሚበየድ ነው፤ ቢደፈን ጫፎቹ ተከፍተው ቱቦዎቹ በሽቦ ሊጠረጉ ይችላሉ፤ የመሐሉን ክፍል ብቻ አዲስ አስገብቶ ጫፎቹን ማስቀጠልም ይቻላል። በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚሠራ፣ ከከተማ ርቆ ሊበላሽ የሚችል የጭነት መኪና ባለቤት ብሆን መዳቡን አልለቅም ነበር። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው የፋብሪካ አልሙኒየም ራዲያተር ለከተማ መኪና፣ ለኮሮላና ለቪትዝ፣ ያለ ጥርጥር በቂ ነው፤ ቀላል ነው፤ ልኩም በትክክል ይገጥማል። ድክመቱ ፕላስቲኩ ላይ ነው፦ በዓመታት ሙቀት ደርቆ አልሙኒየሙ በሚያቅፈው መስመር ላይ ይሰነጠቃል፤ እዚያ የተሰነጠቀውን በማጣበቂያ መሸፈን ለወራት እንጂ ለዓመታት አይሆንም።

ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም የተበየደው ሦስተኛው ዓይነት ጫፉ ስለማይሰነጠቅ የሁለተኛውን ድክመት ያስወግዳል። ሆኖም ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ቢቀደድ የሚበየደው በአርጎን ስለሆነ ባለሙያውና መሣሪያው ባለበት ከተማ አቅራቢያ ለሚሠራ መኪና ነው የሚመረጠው። ሁለተኛው፣ በጎማ ትራስ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በቀጥታ ከሻሲው ጋር በቡሎን የታሰረ የአልሙኒየም ራዲያተር በኮረኮንች መንገድ ላይ በንዝረት ብዛት መበየጃው ላይ ይሰነጠቃል። ኩላንት በሌለበት ውሃ ብቻ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ እየተበላ ቀዳዳ ያወጣል። ለተጫነ ሚኒባስ፣ ለምሳሌ በተለምዶ አባዱላ ለሚባለው፣ ከአዳማ አዋሽ ለሚመላለስ፣ የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው፤ ውሃ ብቻ እየጨመረ ለሚነዳ ባለቤት ግን አልመክረውም።

«ሁለት ረድፍ ቱቦ ያለው ራዲያተር ይሻላል ወይስ አራት?» የሚለው ጥያቄ ከቁሱ ዓይነት ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስባክናል። አየር የመጀመሪያውን ረድፍ አልፎ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ሞቆ ነው፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የበለጠ ሞቋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ረድፍ ከቀዳሚው ያነሰ ይሰጣል። ራዲያተሩ በወፈረ ቁጥርም ፋኑ አየሩን ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፤ በከተማ ውስጥ በዝግታ የሚሄድ መኪና ላይ ወፍራም ራዲያተር ከቀጭኑ የባሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ በአዳማ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ቦታ ካለ ውፍረትን ሳይሆን የፊቱን ስፋት መጨመር፣ ማለትም ከፍ ወይም ሰፋ ያለ ራዲያተር መምረጥ፣ ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት አለው።

አዲስ ከመግዛት በፊት ግን ነባሩን ማጠብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የጤፍ አዝመራ በሚነሣበት ጊዜ፣ ገለባ በኤር ኮንዲሽነሩ ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መካከል ገብቶ ከውጭ በማይታይበት ቦታ ይከማቻል። ከፊት ሆኖ በኃይለኛ ውሃ መርጨት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ ቀጫጭን ክንፎቹንም ያጣምማል። ኮንዴንሰሩን ፈቶ፣ በመጠነኛ ግፊት፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ይገባል።

ፋን

በአሮጌ ናፍጣ ሞተሮችና በጭነት መኪኖች ላይ ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ራሱ ሲሆን፣ በመካከሉ ሲሊኮን ዘይት ያለበት ክላች አለ። ዘይቱ ሲያልቅ ፋኑ የሚዞር ይመስላል፤ አየር ግን አይስብም። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በእጅ ሲገፋ ብዙ ጊዜ በነፃነት የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ አልቋል። ክላቹን ከፋኑ ጋር በቡሎን ወይም በብየዳ አስሮ ሁልጊዜ እንዲዞር ማድረግ ከመንገድ ላይ ችግር ያወጣል፤ በቋሚነት ግን ነዳጅ ይበላል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራም የፋኑን ቅጠል ሊሰብር ይችላል። አዲስ ክላች መግጠም ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ፋን መግጠም በዝግታ ለሚሄድ የከተማ መኪና ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራም ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይዞራልና። ነገር ግን አንድ ኃይለኛ ፋን ከ20 እስከ 30 አምፔር ስለሚጠይቅ፣ ዲናሞው አቅም እንዳለው ሳያረጋግጡ፣ ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ፣ በቀጭን ሽቦ ማገናኘት እሳት ማስነሣት ነው። ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠም ተጨማሪ ፋን ደግሞ ባይሠራም እንኳ የአየሩን መንገድ ይከልላል፤ በፈጣን መንገድ ለሚሞቅ መኪና ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። ፋኑን የሚከበው የፕላስቲክ ሽፋን በግጭት ተሰብሮ ሳይተካ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ያለ እርሱ ፋኑ የሚስበው በቅጠሎቹ ልክ ካለው ቦታ ብቻ ስለሆነ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ይሆናሉ። ከአዲስ ፋን በፊት ሽፋኑን ማስገጠም ይቀድማል።

አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ላይ የማርሹ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ጫፍ ውስጥ ባለ ቱቦ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ማርሹ የሚያወጣው ሙቀት በሞተሩ ውሃ ላይ ይጨመራል። ከፊት ለብቻው የሚገጠም የማርሽ ዘይት ማቀዝቀዣ ለእንዲህ ያለው መኪና ከትልቅ ራዲያተር በበለጠ ርካሽ ዋጋ ሁለቱንም ያሳርፋል።

የትኛውም ዕቃ ከተቀየረ በኋላ በውሃው መንገድ ውስጥ የቀረ አየር አዲሱን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አዙሮ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አረፋው እስኪያቆም ድረስ ማሠራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፍተሻ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ፣ ባዶ መኪና ይዞ፣ ከረፋዱ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ ሙሉ ጭነት የሚጫነው ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃው መጠን ታይቶ የጎደለው ከተሞላ በኋላ ነው።